«ሲስተም የለም» ሲባል የትኛው ሲስተም? የአቅራቢዎች ግዥ ሶፍትዌር አተካከል፣ አማራጮቹና ገደቦቹ

«ሲስተም የለም!» ይህችን አባባል ያልሰማ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ባንክ እንሄዳለን፣ ሲስተም የለም። ክፍያ ልንፈጽም እንሰለፋለን፣ ሲስተም የለም። እኛም «እሺ፣ ነገ እንመለሳለን» ብለን እንሄዳለን። ለመሆኑ የሌለው የትኛው ሲስተም ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙም አይገኝም። እኔም ራሴ እስካለፈው ሴሚስተር ድረስ አልጠይቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለኮርስ የቤት ሥራ ብዬ ለአንድ ድርጅት የጽሕፈት መሣሪያ የሚያቀርቡ ወይዘሮ አነጋግሬ ነበር። ዕቃውን ካስረከቡ አራት ወር ሆኗቸዋል፣ ገንዘቡ ግን አልተከፈላቸውም። መጀመሪያ የታዘዙት 200 ፓኬት ወረቀት ሲሆን፣ በኋላ ድርጅቱ ራሱ ትዕዛዙን ወደ 260 አሳድጎ አዲስ የተፈረመ ወረቀት ሰጥቷቸዋል። እሳቸውም 260 አስረክበው የ260 ደረሰኝ ቆረጡ። እኔ ድርጅቱ ዘንድ ስሄድ የግዥ ክፍሉ «እኛ ጋ ትዕዛዙ ተስተካክሏል፣ የኛ ሥራ አልቋል» አለኝ። ፋይናንስ ደግሞ «እኛ ጋ የሚታየው ትዕዛዝ 200 ነው፣ ሴትዮዋ የ260 ደረሰኝ ነው ያመጣችው፣ እንዴት ተብሎ ይከፈላል?» አለ። ስቶር ኪፐሩ ጋ ስሄድ 260 መቀበሉን አልካደም፤ ኮምፒውተሩ ከ200 በላይ አላስገባ ስላለው ግን 60ውን በወረቀት ይዞታል። በዚህ መሐል ወይዘሮዋ በፋይናንስ ዓይን ያላዘዙትን ሊያስከፍል የመጣ አታላይ መስለው ቁጭ አሉ።

እኔም ዘገባዬን ስጽፍ «በሲስተም ብልሽት ምክንያት ክፍያው ዘገየ» ብዬ ገላገልኩት። መምህራችን ወረቀቱን ሲመልሱልኝ በቀይ እስክሪብቶ «የትኛው ሲስተም? የተበላሸውስ ምኑ ነው?» ብለው ጽፈውበት አገኘሁ። መልስ አልነበረኝም። ተመልሼ ስጠይቅ ነው የገባኝ፣ ለካስ ምንም የተበላሸ ነገር አልነበረም! ድርጅቱ ሁለት ሲስተም አለው፤ አንዱ የግዥ፣ ሌላው የሂሳብና የንብረት። ሁለቱም ይሠራሉ። የማይሠራው በሁለቱ መሐል ያለው መንገድ ነው።

ይህ ጽሑፍ እንግዲህ ለዚያ የቀይ እስክሪብቶ ጥያቄ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው። የግዥ ሶፍትዌር በአንድ ትልቅ ድርጅት ውስጥ ሲተከል ምን ምን አማራጮች አሉ? እያንዳንዱስ ምን ይከለክላል? አንባቢ «ይሄ የኮምፒውተር ሳይንስ ልጆች ጉዳይ አይደለም እንዴ?» ሊል ይችላል። እኔ ግን የግዥ ዜና የሚሠራ ጋዜጠኛ ጉዳይም ነው እላለሁ። ለምን እንደሆነ እግረ መንገዳችንን እናየዋለን።

የአንድ ግዥ ጉዞ

ሶፍትዌሩን ትተን መጀመሪያ ወረቀቱን እንከተል። አንድ ሠራተኛ ወረቀት አለቀብኝ ብሎ የግዥ ጥያቄ ያቀርባል። አለቃው ያጸድቃል። የግዥ ክፍሉ ፕሮፎርማ ሰብስቦ ወይም ጨረታ አውጥቶ አቅራቢ ይመርጣል። ከዚያ የግዥ ትዕዛዝ ይወጣል። ትዕዛዙ እንደ ውል ነው፤ ምን፣ ስንት፣ በስንት ብር፣ መቼ የሚለው ሁሉ እሱ ላይ ነው ያለው። ዕቃው ሲመጣ ንብረት ክፍል ቆጥሮ ይረከባል፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ሞዴል 19 ይቆረጥለታል። በመጨረሻ አቅራቢው ደረሰኝ ያቀርብና ይከፈለዋል።

ፋይናንስ ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገሮችን ጎን ለጎን አድርጎ ያያል፤ ትዕዛዙን፣ የዕቃ መቀበያውን እና ደረሰኙን። ሦስቱ ከገጠሙ ይከፈላል፣ ካልገጠሙ አይከፈልም። ይህ የሦስትዮሽ ማመሳከር ይባላል። በወረቀት ዘመንም የነበረ፣ ዛሬም በኮምፒውተር የሚሠራ የቁጥጥር ዘዴ ነው። ያልታዘዘ ዕቃ እንዳይከፈልበት፣ ያልደረሰ ዕቃ እንደ ደረሰ እንዳይቆጠር የሚያደርገው እሱ ነው።

አሁን ቁልፉን ነገር ልብ እንበል። ማመሳከሩ የሚሠራው ሦስቱ ሰነዶች አንድ ቦታ ከተገናኙ፣ ወይም አንዱ የሌላውን ትክክለኛ ቅጂ ካገኘ ብቻ ነው። ትዕዛዙ አንድ ሲስተም ላይ፣ መቀበያው ሌላ ሲስተም ላይ ሆኖ መልእክቱ መንገድ ላይ ከቀረ፣ ማመሳከሩ ሐቀኛውን ነጋዴ አታላይ ያስመስላል። በወይዘሮዋ ላይ የሆነው ይኸው ነው።

ሁለት ሲስተም ከየት መጣ?

«ታዲያ ለምን ሁሉንም በአንድ አያደርጉትም?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ታሪኩን ትንሽ ማየት ያስፈልጋል። የወይዘሮዋ ድርጅት የሚጠቀምበትን ሶፍትዌር ስም አልነገሩኝም፣ ስለዚህ ስለሱ ምንም ማለት አልችልም። ለማስረዳት ግን በዓለም ላይ በሰፊው የታወቀውንና አሠራሩ በግልጽ የተጻፈውን የጀርመኑን ኤስኤፒ ኩባንያ ምርት እንደ ምሳሌ እወስዳለሁ።

ኤስኤፒ እ.ኤ.አ. በ1972 አይቢኤም ውስጥ ይሠሩ በነበሩ አምስት ሰዎች የተመሠረተ ኩባንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጣው አር/3 የተባለው ሶፍትዌር የአንድን ድርጅት ሂሳብ፣ መጋዘን፣ ምርት፣ ሽያጭና ግዥ በአንድ መዝገብ ያያያዘ ነበር። እንዲህ ዓይነቱ ሁሉን አቀፍ የድርጅት ሶፍትዌር በአጠቃላይ ኢአርፒ ይባላል። ግዥም እዚያው ውስጥ ነበረ። ችግሩ ማያ ገጹ ለግዥ ባለሙያ እንጂ ለተራ ሠራተኛ የሚሆን አልነበረም። አንድ መምህር አምስት ጠመኔ ለማዘዝ ኮድ በኮድ የሆነ ገጽ መማር አለበት ማለት ነው።

ኢንተርኔት ሲስፋፋ በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ አዲስ ሐሳብ መጣ። ሠራተኛው በኢንተርኔት ሱቅ እንደሚገዛ ሰው ከካታሎግ መርጦ «ቅርጫት» ውስጥ ይጨምር፣ አለቃው ያጽድቅ፣ የቀረውን ሲስተሙ ይሥራው የሚል። ኤስኤፒም ለዚህ ከኢአርፒው ውጪ ራሱን የቻለ የግዥ ሶፍትዌር ሠራ። እሱም ከጊዜ በኋላ ኤስአርኤም ተባለ፤ ትርጉሙ የአቅራቢዎች ግንኙነት አስተዳደር እንደ ማለት ነው። ይህ ሶፍትዌር በራሱ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ኢአርፒው ደግሞ በራሱ። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ትልቁ ጥያቄ የተወለደው፤ የግዥ ትዕዛዙ የሚወለደው የት ነው? እዚህ ወይስ እዚያ?

ለዚህ ጥያቄ ሦስት መልስ አለ። የሶፍትዌሩ ሦስት አተካከሎች የሚባሉትም እነዚሁ ናቸው።

አንደኛው መንገድ፤ ትዕዛዙ ኢአርፒ ውስጥ ሲወለድ

ይህ በተለምዶ «ክላሲክ» የሚባለው ነው። ሠራተኛው ቅርጫቱን የሚሞላው በግዥ ሶፍትዌሩ ላይ ነው፣ ማጽደቁም እዚያው ይካሄዳል። ከጸደቀ በኋላ ግን ነገሩ ሁሉ ወደ ኢአርፒ ይተላለፋል። መረጃው የተሟላ ከሆነ እዚያ የግዥ ትዕዛዝ ይፈጠራል፤ ዋጋ ወይም አቅራቢ ከጎደለው የግዥ ጥያቄ ሆኖ ይቀመጥና የግዥ ባለሙያው ያሟላዋል። ዕቃው መጋዘን ውስጥ ካለ ደግሞ ግዥ አያስፈልግም፣ ከመጋዘን ይያዝልኝ የሚል ሰነድ ይወጣለታል።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ትዕዛዙ፣ መቀበያውና ደረሰኙ ሁሉም አንድ ቤት ናቸው። ማመሳከሩ አይቸገርም። የግዥ ባለሙያዎችም የለመዱትን ገጽ ይዘው ይቀጥላሉ፣ ብዙ ሥልጠና አያሻም።

ገደቡስ? ትዕዛዙ አንዴ ኢአርፒ ውስጥ ከተወለደ በኋላ ለውጥ የሚደረገው እዚያው ብቻ ነው። በግዥ ሶፍትዌሩ ላይ የተሠራው ያማረ የማጽደቂያ ሰንሰለት ለቅርጫቱ እንጂ ለትዕዛዙ አያገለግልም። ማለትም ቅርጫቱ 200 ተብሎ በሦስት አለቃ ጸድቆ ሲያበቃ፣ የግዥ ባለሙያው ኢአርፒ ላይ 260 ቢያደርገው የፊተኞቹ ሦስት አለቆች ሊያውቁት የሚችሉበት መንገድ በራሱ አይመጣም። ለዚህ ኢአርፒው ላይ ሌላ የማጽደቂያ ሥርዓት መዘርጋት አለበት። ካልተዘረጋ ቀዳዳ ነው። ሌላው ገደብ ለአቅራቢው ነው። ትዕዛዙ ያለው ከኋላ ስለሆነ አቅራቢው በኢንተርኔት ገብቶ ትዕዛዙን እንዲያይና እንዲመልስ ለማድረግ ተጨማሪ ግንኙነት መሥራት ይጠይቃል።

ሁለተኛው መንገድ፤ ትዕዛዙ ግዥ ሶፍትዌር ውስጥ ተወልዶ ቅጂው ሲላክ

ይህ «የተራዘመ ክላሲክ» ይባላል። እዚህ ትዕዛዙ የሚወለደው በግዥ ሶፍትዌሩ ውስጥ ነው። ዋናው ሰነድ እሱ ነው። ኢአርፒው የሚያገኘው ቅጂውን ብቻ ነው፣ በዚያው በአንድ ቁጥር። ቅጂው ላይ ማስተካከል አይቻልም ማለት ይቻላል። ለውጥ የሚደረገው ዋናው ላይ ነው፣ ከዚያ ለውጡ ወደ ቅጂው ይላካል። ዕቃ መቀበልና ደረሰኝ ማስገባት በሁለቱም በኩል ሊሠራ ይችላል።

ጥቅሙ ብዙ ነው። ትዕዛዝ ላይ የሚደረግ ለውጥ ሁሉ በአንድ የማጽደቂያ ሰንሰለት ያልፋል። ጨረታ፣ ውል፣ ካታሎግ፣ የአቅራቢው መግቢያ ሁሉም ትዕዛዙ ካለበት ቤት ናቸው። ለዚህም ነው ብዙ ድርጅቶች የሚመርጡት።

ገደቡ ግን ያው የወይዘሮዋ ታሪክ ነው። ዋናው እዚህ፣ ቅጂው እዚያ ከሆነ፣ ሁሉም ነገር በማስተላለፊያው ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። ትዕዛዙ ከተላከ በኋላ ኢአርፒው «የበጀት ኮዱ ተዘግቷል» ወይም «ይህ የሂሳብ መደብ የለም» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። ያን ጊዜ ትዕዛዙ በግዥ ሶፍትዌሩ ላይ «በማስተላለፍ ላይ ስህተት» የሚል ምልክት ይዞ ይቆማል። ደረሰ አልደረሰ የሚለውን የሚያጣራ በየተወሰነ ጊዜ ራሱ የሚሮጥ ሥራ አለ፤ ስህተቱም በመቆጣጠሪያ ገጽ ላይ ይዘረዘራል። ገጹን በየቀኑ ከፍቶ የሚያይ ሰው መመደብ ግን የሶፍትዌሩ ሥራ አይደለም፣ የድርጅቱ ነው። ሰው ካልተመደበ ስህተቱ እዚያው ተኝቶ ይከርማል፤ አቅራቢውም ከሁለት ያጣ ጎመን ይሆናል።

ሌላም አለ። ኢአርፒው ለዘመናት ያዳበራቸው አንዳንድ የግዥ ዓይነቶች በግዥ ሶፍትዌሩ ውስጥ የሉም። ለምሳሌ ከአንዱ ቅርንጫፍ መጋዘን ወደ ሌላው ዕቃ የሚያዛውር ትዕዛዝ፣ ወይም ጥሬ ዕቃ ለሌላ ፋብሪካ ሰጥቶ አሠርቶ የመቀበል ትዕዛዝ አሁንም ኢአርፒው ላይ ነው የሚሠራው። ስለዚህ «ሁሉም ግዥ በአዲሱ ሶፍትዌር ይሆናል» ተብሎ ከተነገረ፣ ሁሉም አይሆንም ማለት ነው።

ሦስተኛው መንገድ፤ ሁሉም ግዥ ሶፍትዌር ውስጥ ሲቀር

ይህኛው «ራሱን የቻለ» የሚባለው ነው። ቅርጫቱም፣ ትዕዛዙም፣ መቀበያውም፣ ደረሰኙም ግዥ ሶፍትዌሩ ውስጥ ተጀምረው እዚያው ያልቃሉ። ወደ ኢአርፒ የሚሄደው የሂሳቡ ነገር ብቻ ነው፤ ከየትኛው በጀት ምን ያህል ወጪ ይደረግ፣ ለማን ይከፈል የሚለው።

እዚህ ሦስቱ ሰነዶች እንደገና አንድ ቤት ሆኑ፣ ማመሳከሩ እዚያው ይሠራል። የኢአርፒው የግዥ ክፍል ጫናም ይቀንሳል። ለጽሕፈት መሣሪያ፣ ለጽዳት አገልግሎት፣ ለጥገና ለመሳሰሉት የተመቸ ነው።

ገደቡ መጋዘን የለውም! ይህ ሶፍትዌር ዕቃ ስንት እንደቀረ የሚቆጥር መዝገብ የለውም። ስለዚህ ፋብሪካ የሚያመርትበትን ጥሬ ዕቃ፣ ሆስፒታል መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጠውን መድኃኒት በዚህ መንገድ መግዛት አይቻልም፤ የተገዛው ከክምችቱ ላይ መደመር አለበትና። ሌላው፣ የኢአርፒው የግዥ ክፍል ስለነዚህ ግዥዎች የሚያውቀው ነገር የለም። «ባለፈው ዓመት ከዚህ አቅራቢ ስንት ገዛን?» ብሎ እዚያ የሚጠይቅ ኃላፊ ጎደሎ መልስ ያገኛል። መልሱ ውሸት አይደለም፣ ግማሽ ነው። ግማሽ መልስ ደግሞ አንዳንዴ ከውሸት ይብሳል፣ ምክንያቱም ማንም አይጠረጥረውም።

ቅይጡ

ብዙ ድርጅቶች ከሦስቱ አንዱን ብቻ አይመርጡም፣ ይቀላቅላሉ። በዕቃው ዓይነት ይከፍሉታል፤ የጽሕፈት መሣሪያ በሦስተኛው መንገድ፣ ለመጋዘን የሚገባ ዕቃ በአንደኛው እያሉ። በሥራ ረገድ ብልህነት ነው። ግን አንድ ሠራተኛ በአንድ ቅርጫት እስክሪብቶና የመለዋወጫ ዕቃ ቢያዝ፣ ቅርጫቱ ለሁለት ተከፍሎ ሁለቱ ዕቃዎች በሁለት መንገድ ይሄዳሉ። «ትዕዛዜ የት ደረሰ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ሁለት ነው። ኦዲተርም ሲመጣ የትኛው ዓይነት ዕቃ በየትኛው መንገድ እንደሚሄድ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ካልተሰጠው ግማሹን አይቶ «ጨርሻለሁ» ሊል ይችላል።

ሁለቱን ሲስተም አንድ ቤት ውስጥ ማኖር

እስካሁን ያየነው ሰነዱ የት ይወለዳል የሚለውን ነው። ሶፍትዌሩ ራሱ የት ይቀመጣል የሚለው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው። ግዥ ሶፍትዌሩ በራሱ ሰርቨር ላይ ከተቀመጠ የአቅራቢዎች ዝርዝር፣ የዕቃ ዝርዝር፣ የሂሳብ ኮድ ሁሉ ከኢአርፒው እየተቀዳ መምጣት አለበት። ቅጂው የሚታደሰው በየተወሰነ ጊዜ በሚሮጥ ሥራ ነው። ዛሬ ጠዋት በኢአርፒው ላይ የተለወጠ የአቅራቢ አድራሻ ሥራው እስኪሮጥ ድረስ በዚያኛው አሮጌ ሆኖ ይቆያል።

ይህን ድካም ለማስቀረት በኋላ የመጡ የኤስአርኤም ዕትሞች ከኢአርፒው ጋር በአንድ ሲስተም ላይ ተደርበው እንዲተከሉ ተፈቀደ። አንድ ቤት፣ አንድ ዳታቤዝ። መቅዳትና ማስተላለፍ ቀነሰ፣ የሰርቨር ወጪም እንዲሁ። ግን በነፃ አልመጣም። አንደኛ፣ በተናጠል ሲተከል ያለው አገልግሎት ሁሉ በዚህ አተካከል አይገኝም። ሁለተኛ፣ የሁለቱ ዕድሜ ተሳሰረ። ኢአርፒውን ላሻሽል ሲባል ግዥውም አብሮ መሻሻል አለበት፣ አንዱን ለጥገና ሲዘጉ ሌላውም ይዘጋል። ሦስተኛው ደግሞ ኋላ ላይ የታየ ነው። ኤስኤፒ እ.ኤ.አ. በ2015 ኤስ/4ሃና የተባለውን አዲሱን ኢአርፒ ሲያወጣ፣ ኤስአርኤም ከሱ ጋር በአንድ ሲስተም ተደርቦ መኖር እንደማይችል ታወቀ። ደርበው የተከሉ ድርጅቶች ወደ አዲሱ ለመሻገር መጀመሪያ መለየት ወይም የግዥ ሥራቸውን ወደ አዲሱ ኢአርፒ የራሱ ግዥ ማዛወር ሊኖርባቸው ነው። ትናንት ወጪ የቀነሰ ውሳኔ ዛሬ ወጪ ሆኖ መጣ ማለት ነው።

ደመናው መልስ ይሆን?

«አሁን እኮ ዘመኑ የክላውድ ነው፣ ይሄ ሁሉ አልፏል» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። ኤስኤፒ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2012 አሪባ የተባለውን የኢንተርኔት ግዥ ኩባንያ ወደ 4.3 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ገዝቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ኤስአርኤም 7.0ን ጨምሮ ለነባሮቹ ምርቶቹ የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እስከ 2027 መጨረሻ እንደሚቀጥል፣ ከዚያ በኋላ ተጨማሪ ለሚከፍል ብቻ እስከ 2030 እንደሚያራዝም አስታውቋል። ስለዚህ አሁን አዲስ ግዥ ሶፍትዌር የሚተክል ድርጅት ዓይኑ ወደ ደመናው መሆኑ አይቀርም።

ደመና ላይ ሰርቨር መግዛት የለም፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ማስነሣት የለም። ሆኖም የራሱ ገደብ አለው። ሶፍትዌሩን የሚያሻሽለው ባለቤቱ በራሱ ቀን ነው፤ «የዓመት መዝጊያ ላይ ነን፣ ቆዩን» ማለት ሁልጊዜ አይሠራም። እንደ ልብ ቆርጦ መስፋትም የለም፤ ድርጅቱ አሠራሩን ለሶፍትዌሩ ያስተካክላል እንጂ ሶፍትዌሩ ለድርጅቱ አይስተካከልም። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ግዥም ይቋረጣል። አቅራቢውስ? እንደ አሪባ ባሉ መረቦች ላይ ግብይቱ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ አቅራቢውም ይከፍላል። ለትልቅ ኩባንያ ምንም ላይመስል ይችላል፣ ለአንዲት የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ ግን ሌላ ነው።

ከሁሉም በላይ የመጀመሪያው ጥያቄያችን አልጠፋም። የሂሳቡ መዝገብ ድርጅቱ ግቢ ውስጥ፣ የግዥው መዝገብ ደመና ላይ ሲሆን፣ ትዕዛዙ የሚወለደው የት ነው? ዋናው የትኛው፣ ቅጂው የትኛው? መንገዱ ረዘመ እንጂ ጥያቄው ያው ነው።

በአገራችን

በአገራችን የመንግሥት ግዥ ላይም ይኸው ጥያቄ አለ። የመንግሥት ግዥና ንብረት ባለሥልጣን የሚመራው ኢ-ጂፒ የተባለው የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓት በ2014 ዓ.ም. በጥቂት የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ተጀምሮ ወደ ሌሎቹ ሰፍቷል። የቀድሞውን የግዥ አዋጅ ቁጥር 649/2001ን የተካው አዋጅ ቁጥር 1333/2016ም ለኤሌክትሮኒክ ግዥ ቦታ ሰጥቷል። ጨረታ በኢንተርኔት መውጣቱ፣ ተጫራች ከክፍለ ሀገር ሳይመጣ መወዳደር መቻሉ ትልቅ ለውጥ ነው። በሌላ በኩል የበጀትና የሂሳብ ሥራው በገንዘብ ሚኒስቴር በኩል ኢፍሚስ በሚባለው ሥርዓት ነው የሚካሄደው። ኢ-ጂፒ አንድ፣ ኢፍሚስ ሌላ ማለት ነው። ጨረታው በኢ-ጂፒ ተጠናቆ ክፍያው በኢፍሚስ ሲሄድ፣ በመሐል ስቶር ኪፐሩ ሞዴል 19 በእጁ ሲቆርጥ፣ ሦስቱ ሰነዶች የት ይገናኛሉ? ይህን የምለው ለመክሰስ አይደለም። የግዥ ዜና ሊሠራ የሚሄድ ሁሉ ይዞት ሊሄድ የሚገባ ጥያቄ ስለሆነ ነው።

ታዲያ ምን እንጠይቅ?

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የያዝኩትን ባጭሩ ልናገር። አንዱ አተካከል ጥሩ፣ ሌላው መጥፎ የሚባል ነገር የለም። እያንዳንዱ አንድ ነገር ይሰጥና አንድ ነገር ይወስዳል። ገደቡ ሁሉ የሚመጣው ግን ከአንድ ውሳኔ ነው፤ ዋናው የግዥ ትዕዛዝ የት ይወለድ ከሚለው። እዚያ ላይ የተወሰነው ነገር ማን ሊያስተካክል እንደሚችል፣ ማን እንደሚያይ፣ ስህተት ሲፈጠር ማን ጋ እንደሚተኛ ይወስናል። ውሳኔውን የሚወስኑት ብዙ ጊዜ የሶፍትዌር ሰዎችና አለቆች ናቸው። ዋጋውን የሚከፍሉት ደግሞ በስብሰባው ላይ ያልነበሩ ናቸው፤ ስቶር ኪፐሩ፣ የሂሳብ ሠራተኛዋ፣ አቅራቢው።

ስለዚህ ወደፊት «ሲስተም ነው» የሚል መልስ ሲሰጠን አራት ነገር ብንጠይቅ እላለሁ። ዋናው ትዕዛዝ ያለው የትኛው ሲስተም ላይ ነው? ትዕዛዙ ሲቀየር ማን ያጸድቃል? ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይተላለፍ የቀረውን በየቀኑ የሚያይ ሰው አለ? ካለስ ማን ነው? በነዚህ ጥያቄዎች «ሲስተም» የሚባለው ስም የለሽ ነገር ስም ያለው ሰነድና ኃላፊነት ያለው ሰው ይሆናል። ሙስና ሲኖርም የሚደበቀው፣ ሙስና ሳይኖርም ንጹሕ ሰው የሚጠረጠረው እዚሁ ክፍተት ውስጥ ነው። ሁለቱን ለይቶ መጻፍ ደግሞ የኛ ሥራ ነው።

ወይዘሮዋ በአምስተኛው ወር ተከፈላቸው። አንድ ሰው የቆመውን ትዕዛዝ አግኝቶ እንደገና ላከው፣ ፋይናንስም 260 አየ፣ ከፈለ። ሥራው የፈጀው የአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። «ድሮም ሌባ አልነበርኩም» አሉኝ ስደውልላቸው። ይቅርታ የጠየቃቸው ሰው ግን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ያ ድርጅት ፕሮፎርማ ሲጠይቃቸው አይሰጡም።

ዘገባዬንም አስተካክዬ መልሼ አስገባሁ። «በሲስተም ብልሽት ምክንያት» የምትለዋን ሐረግ አውጥቻታለሁ።